የጋዜጣው አንጎል

ባለፈው ወር ሐዋሳ፣ ፒያሳ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ማኪያቶ ስጠጣ፣ ከኋላዬ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ሲጋራቸውን ሊለኩሱ ክብሪት ጫሩ። ዘወር ብዬ እንኳ አላየኋቸውም። እጄ ግን ከጠረጴዛው ወርዶ የቀሚሴን ጫፍ ወደ ታች ሲጎትት ያዝኩት። ቀሚሴ ቁርጭምጭሚቴ ድረስ የሚደርስ ነው፤ የሚጎተት ነገር የለውም። አስተናጋጇ አጎንብሳ፣ "የወደቀብዎ ነገር አለ?" አለችኝ። የለም አልኳት።

እዚህ ከተማ የወደቅሁት እኔ ነኝ። ያኔ ሐዋሳ ገና አዋሳ ትባላለች፤ ዘመኑ የደርግ ነው፤ እኔ አምስተኛ ክፍል ነኝ። የሚጥል በሽታ ነበረብኝ። በቤታችን ስሙ አይጠራም፤ "ያ ነገር" ነው የሚባለው። "ያ ነገር መጣባት"፣ "ያ ነገር ለቀቃት"። እናቴ ዲላ የሞከረችው ሁሉ ሲያቅታት፣ አዋሳ ደህና ሐኪም አለ ብላ ከአባቴ እህት ከእትዬ ወርቄ ዘንድ አስቀመጠችኝና ተመለሰች። እውነትም ሐኪም አየኝ፤ ነጭ ክኒን ሰጠኝ። ሲገኝ እውጠዋለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ያንቀላፋኛል። ሲጠፋ ደግሞ እንደ ስኳሩና እንደ ላምባው ይመጣል ተብሎ ይጠበቃል፤ እኔም እየወደቅሁ እጠብቃለሁ።

እትዬ ወርቄ ልብስ ሰፊ ነበረች። አዲስ ከተማ በሚባለው የአዋሳ ሰፈር ባለው ቤቷ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዋን አቁማ የሰፈሩን ዩኒፎርም ሁሉ የምትሰፋው እሷ ናት። ከንፈሯ መሀል ስፒል ይዛ ስለምታወራ፣ እየተቆጣች ይሁን እየቀለደች ለመለየት ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። ሜትሯ ከአንገቷ አይወርድም። ደንበኛ ሲመጣ ታስቆመውና ትከሻውን፣ ደረቱን፣ ወገቡን እየዞረች ትለካለች፤ ሕፃን ከሆነ ትኮረኩረዋለች። እኔን ግን ለክታኝ አታውቅም። ቀሚስ ስትሰፋልኝ ፈንጠር ብላ ትቆምና አንድ ዓይኗን ጨፍና ታየኛለች፤ ከዚያ ትቆርጣለች። "ለአንቺ ዓይኔ ይበቃል" ትላለች። እኔ የሙያዋ ጥግ መስሎኝ እኮራበት ነበር። እንግዲህ ዓይን ዓይን ነውና ቀሚሶቼ ሁሉ ያጥሩ ነበር።

የተከለከልኩት ነገር ብዙ ነው። እሳት አትንኪ፤ ሐይቅ ዳር አትሂጂ፤ ብስክሌት ላይ አትውጪ፤ ብዙ አታስቢ። አዋሳ ደግሞ ብስክሌት የማይነዳ ልጅ የሌለባት ከተማ ናት። ከሰዓት በኋላ የሐይቁ ነፋስ የዓሣ ሽታ ይዞ ሲመጣ፣ የሰፈሩ ልጆች በኪራይ ብስክሌት ሦስት ሦስት ሆነው ተፈናጠው በበራችን ሲያልፉ፣ እኔ በረንዳው ላይ ቁራጭ ጨርቅ እየለቀምኩ አያቸዋለሁ። ሁሉንም ትእዛዝ አክብሬአለሁ፤ ያቃተኝ የመጨረሻው ነው። ብቻውን የሚውል ልጅ ከማሰብ ሌላ ምን ሥራ አለው?

ስለ መውደቄ የማውቀው ጥቂት ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ ሰው ሁሉ ያየውን እኔ ብቻ አላየሁትም። አንድ ነገር እየሠራሁ እቆያለሁ፤ ከዚያ ምንም የለም። ቀጥሎ የሚመጣው ሽታ ነው፤ ክብሪት ክብሪት የሚል፣ አፍንጫ የሚሰነፍጥ። ከሽታው በኋላ እግሮች ይታዩኛል፤ ራቅ ብለው ክብ ሠርተው የቆሙ፣ ኮንጎ ጫማ ያደረጉ፣ ሸራ ጫማ ያደረጉ፣ ባዶ እግሮች። ያኔ እጄ ቀሚሴን ፍለጋ ይሄዳል። ሁልጊዜ ወደ ላይ ተሰብስቦ ነው የማገኘው። ወደ ጉልበቴ ስጎትተው እግሮቹ አንድ በአንድ ይበተናሉ። ከመውደቁም ከሽታውም ይልቅ የሚያንገበግበኝ እሱ ነበር፤ ያ ሁሉ ሰው ቆሞ ሲያይ ቀሚሴን የሚያወርድልኝ አንድ ሰው መጥፋቱ።

ማንም አይነካኝም። ያ ነገር የጣለውን የነካ ይጋባበታል ይባል ነበር። እትዬ ወርቄም ብትሆን ስነቃ ውሃ ታመጣልኛለች፤ ጣሳውን ግን እጄ ላይ ሳይሆን አጠገቤ መሬት ላይ ነው የምታስቀምጠው። ትወደኝ ነበር፤ ይኼን አልጠራጠርም። ማታ የተሻለውን ቁራጭ ወደ እኔ ገፋ ታደርጋለች። ፍርሃቷ ከእሷ አይደለም፤ ስታድግ የሰማችው ነው።

ትምህርት ቤት ከራህማ ጋር ነበር የምቀመጠው፤ አባቷ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጣል። ማስቲካ ለሁለት ከፍለን እናኝክ ነበር። የካቲት ላይ አንድ ጠዋት ክፍል ውስጥ ወደቅሁ፤ በማግስቱ ራህማ ደብተሯን ይዛ ከኋላ ወንበር ሄደች። እናቷ ናት ያዘዘቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሦስት የተሠራ ወንበር ላይ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ርዕሰ መምህሩ እትዬ ወርቄን አስጠርተው፣ "ልጆቹ እየፈሩ ነው፤ ከእንግዲህ ግቢ ውስጥ ከወደቀች ቤት ትዋል፣ ምን ላድርግ" አሏት። እሷም መንገዱን ሙሉ ስፒል ሳይኖር ስፒል እንደያዘ ሰው ከንፈሯን ነክሳ መጣች። ትምህርት ቤት የማልወደው ቢሆን እንኳ ሌላ ምን አለኝ? ቤት መዋል ማለት ቁራጭ ጨርቅ መልቀም ነው። ላለመውደቅ ማልሁ፤ መሐላው በማን እጅ እንዳለ ሳላውቅ።

የሳይንስ መምህራችን ጋሽ ማቴዎስ ናቸው፤ ጡረታ የተጠጉ፣ ከስፌታቸው የለቀቁ ኪሶች ያሉት ነጭ ጋዋን የሚለብሱ ሰው። አንድ ቀን ጥቁር ሰሌዳው ላይ የተጠቀለለ አንጀት የመሰለ ትልቅ ነገር ሣሉ።

"ይኼ ጭንቅላታችሁ ውስጥ ያለው ነው" አሉ። "ይኼ ሰፊው ትልቁ አንጎል ነው፤ የምታስቡበት፣ የምታስታውሱበት፣ የምትናገሩበት። ከኋላ በታች በኩል ያለችው ትንሿ አንጎል ናት፤ እሷ ባትኖር ቀጥ ብላችሁ መሄድ አትችሉም። ይኼ ግንዱ ነው። እናንተ ስትተኙ እሱ አይተኛም፤ ትንፋሽና ልብን ይጠብቃል። ከግንዱ ወርዶ በጀርባ አጥንት ውስጥ የሚያልፈው ህብለ ሰረሰር ነው፤ ወሬ ያወጣል፣ ወሬ ያወርዳል።"

"ሁሉንም አንጎል ነው የሚያዘው ጋሼ?" አለ አንድ ልጅ።

"ሁሉንም አይደለም። እጅህ እሳት ቢነካ ህብለ ሰረሰርህ አንጎልን ሳያስፈቅድ ይመልሰዋል። አንጎል 'አቃጠለኝ' የሚለው እጅህ ከተመለሰ በኋላ ነው።" ቀጥለውም ወሬው በነርቮች ውስጥ የሚሄደው በጣም ቀጭን በሆነ ኤሌክትሪክ ነው አሉ።

ልጆቹ እርስ በርስ በጣት እየተነካኩ "ያዘኝ፣ ያዘኝ" እያሉ ሳቁ። እኔ ደርቄ ቀረሁ። ከጥቂት ጊዜ በፊት ቀበሌው በር ላይ የመብራት ሽቦ ተገናኝቶ ሲቃጠል አይቼ ነበር፤ እንዴት እንደሚሸት አውቃለሁ። ስነቃ የሚሸተኝ ነገር ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። የሚቃጠለው አንጎሌ ነው። ያ ነገር በመጣ ቁጥር ውስጤ ያለው ሽቦ ይገናኛል፤ ይጨሳል፤ ሰዎቹም ራቅ ብለው የሚቆሙት ጭሱን ፈርተው ነው። ለልጅ ጭንቅላት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

ከዚያ ወዲህ ከወደቅሁ በኋላ አንጎሌን እፈትነው ጀመር። ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ አፍንጫዬን እነካለሁ፤ በአንድ እግሬ እቆማለሁ፤ ትንሿ አንጎል ደህና ናት። የአዋሳን፣ የዲላን፣ የይርጋለምን ስም እጠራለሁ። የእናቴን ድምፅ አስባለሁ። አንድ ቀን ግን ዲላ ያለው የቤታችን በር ቀለም ጠፋብኝ። አንዴ ሰማያዊ ሆኖ ይታየኛል፤ አንዴ አረንጓዴ። በሩ የነበረበት ቦታ ተቃጥሏል ማለት ነው። በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ እትዬ ወርቄ እናቴ ናፍቃኝ መሰላት። ናፍቃኝም ነበር።

ስፖርትና እርሻ በሚባለው ክፍለ ጊዜ ልጆቹ ወደ ሜዳ ሲወጡ እኔ አልወጣም። ጋሽ ማቴዎስ የትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከል የሚባል አንዲት ክፍል በኃላፊነት ይዘው ነበር፤ ለትምህርት የሚሆነውን ዕቃ ከተገኘው ነገር መሥራት የዘመኑ መመሪያ ነው። "ነይ፣ አንጎል እንሥራ" ብለው ወሰዱኝ። ሥራዬ የቆየ ጋዜጣ በትናንሹ መቅደድ፣ ባልዲ ውስጥ መዘፍዘፍ፣ ሲላቁጥ መጭመቅ ነው። ከመቅደዴ በፊት ግን እሳቸው ጋዜጣውን ገጽ በገጽ እያዩ የሊቀ መንበሩን ፎቶ ሁሉ በመቀስ ቆርጠው በካርቶን ያስቀምጣሉ። በጣም የሚወዷቸው መስሎኝ ነበር። ፎቶው ባልዲ ውስጥ ተዘፍዝፎ ቢገኝ ምን እንደሚከተል ማን ይንገረኝ? በካርቶኑ ውስጥ ብዙ ሊቀ መንበር ተጠራቀመ፤ የት እንደደረሰ አላውቅም።

እየሠሩ ያንጎራጉራሉ፤ አፋቸውን ዘግተው፣ ያለ ቃል። ቃሉን ረስተውት ይመስለኝ ነበር። መዝሙር መሆኑን፣ ይጸልዩበት የነበረው ቤትም በመንግሥት ተዘግቶ በሩ በሰንሰለት መታሰሩን የሰማሁት በኋላ ነው። በዱቄት የሚሠራውን ሙጫ በቡታጋዝ ሲያበስሉ እኔን በር ላይ ያስቀምጡኛል፤ እሳት አይሆንልኝማ። ሙጫው ይኮመጥጣል፤ ጋዋናቸውም፣ እጃቸውም፣ እኔም የኮመጠጠ ዱቄት እንሸታለን። ጣሪያው ላይ አባ ኮዳ የሚባሉት የሐይቁ ትልልቅ ወፎች ይረማመዳሉ፤ ቆርቆሮው ይንኳኳል። ያቺ ክፍል የዓመቱ ደህና ቦታዬ ነበረች። እዚያም ቢሆን ግን ጋዜጣውን ከእጄ አይቀበሉኝም፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለሁ፣ እሳቸው ከጠረጴዛው ያነሣሉ።

አንጎሉ ቅርጽ እየያዘ ሲመጣ አላስቻለኝም። "ጋሼ፣ አንጎል ከተቃጠለ ይተካል?" አልኳቸው።

ቀና አሉ። ደስ ብሏቸዋል። "ጎበዝ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ቆዳ ቢቆረጥ ይሽራል፤ አጥንት ቢሰበር ይገጥማል። አንጎል ግን አንዴ የሞተው አይተካም። ለዚህ አይደል እግዜር በራስ ቅል የዘጋበት" አሉና ወደ በሩ አየት አደረጉ። "ተፈጥሮ የዘጋበት" ብለው አረሙት።

ከዚህ በኋላ መቆጠብ ጀመርኩ። ላምባ ሲያጥር ፋኖሱን ዝቅ እንደምናደርገው ራሴን ዝቅ አደረግሁ። ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቅሁ እጄን አላወጣም። ተረት ሲነገር ጆሮዬን እዘጋለሁ። ስለ ዲላ የማስበው እሑድ ብቻ እንዲሆን ወሰንኩ። እትዬ ወርቄ ረጋ ያልኩ መስሏት፣ "ተመስገን፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" አለች። በዚያ ወር ያወራሁት ሁሉ ቢሰበሰብ አንድ ገጽ አይሞላም። ብቸኝነት ማለት ሰው አለማግኘት ብቻ እንዳልሆነ ያኔ ነው ያየሁት፤ እኔ ራሴንም እየራቅሁት ነበር።

ግንቦት ላይ የመጨረሻውን ሽፋን ልናለብስ ሙጫ አስፈለገ። ጋሽ ማቴዎስ የቡታጋዙን ክብሪት አንስተው ነቀነቁት፤ ባዶ ነው። ቀበሌ ሱቅ ክብሪት ከጠፋ ሰንብቷል።

"ዘበኛው ጋ ሂጂና እሳት አለ ወይ በይልኝ" አሉ።

"ኪስዎ ውስጥ አለ እኮ ጋሼ" አልኩ። ሲጋራ የማያጨሱ ሰው ከጋዋናቸው የደረት ኪስ ክብሪት እንደማይጠፋ ካስተዋልኩ ቆይቼ ነበር። አዋቂ ሁሉ ክብሪት የሚይዝ ይመስለኛል፤ ዘበኛውም ይዟል፣ ርዕሰ መምህሩም ይዘዋል፣ እትዬ ወርቄም ነጠላዋ ጫፍ ላይ ትቋጥራለች።

እጃቸው ወደ ኪሳቸው ሄደ። "ይኼ አይነካም። ይኼ ያንቺ ነው።"

"የእኔ?"

ከአፋቸው ካመለጠ በኋላ ነው ያስተዋሉት። ማንኪያውን አስቀመጡ። "ያ ነገር ሲመጣብሽ ጭረን አፍንጫሽ ዘንድ እንይዛለን። ሽታው ያነቃል ይባላል። አታውቂም እንዴ?"

"ሽታው ከክብሪቱ ነው?"

"ከምን ሊሆን ኖሯል?"

"ከጭንቅላቴ።" ድምፄ ራሱ የሰው ድምፅ ሆነብኝ። "እየተቃጠለ መስሎኝ። የቤታችን በር ቀለም ጠፍቶብኛል። የተቃጠለ አይተካም ብለውኛል።"

ጋሽ ማቴዎስ ባልዲውን ገልብጠው ተቀመጡበት። ያን ቀን የጠየቅኳቸው ምን እንደነበር ፊታቸው ላይ ሲገባቸው አየሁት። "አልተቃጠለም ልጄ" አሉ። "ክብሪት ነው። ክብሪት ብቻ ነው።"

አለቀስኩ። ደስታ ነው፤ እንዲህ ያለ ደስታ በሕይወቴ ብዙ ጊዜ አላገኘሁም። ከሊቀ መንበሩ ካርቶን አጠገብ ቁጭ ብዬ፣ ስቆጥበው የከረምኩትን ሁሉ አንድ ላይ አሰብኩ፤ እናቴን፣ ዲላን፣ የራህማን ማስቲካ። እሳቸው እስክጨርስ ጠበቁኝ።

"ጋሼ፣ ክብሪቱ ግን ያድነኛል?"

ክብሪቱን ከኪሳቸው አውጥተው አገላበጡት። "እኔ እንጃ። መጽሐፍ ላይ አላየሁትም። ሰው ሁሉ ያደርገዋል። አንቺ ወድቀሽ እያየ ሰው እጁን ምን ያድርገው?"

"ቀሚሴን ያውርድልኝ" አልኩ።

ሳላስበው ነው የወጣው። ጋሽ ማቴዎስ ሙጫ የደረቀባቸውን እጆቻቸውን አዩ። "መንካት..." አሉና ተዉት። አልቀየምኳቸውም። ለካ ክብሪት ሳይነኩ መርዳት ነው። ሁሉም ሊረዳኝ ፈልጎ ነበር፤ አንድ እርምጃ ርቆ። የአንጎልን ክፍል ከነሥራው የሚያውቁት ሰውም እንደ ሌላው ያን አንድ እርምጃ ይፈሩ ነበር። በማግስቱ ኪሳቸውን አየሁ፤ ክብሪቱ እዚያው ነው።

ሰኔ ላይ ከትምህርት ቢሮ እንግዶች መጡ። ክፍሏ ተጠርጋ፣ በራፏ ላይ ቀይ ጨርቅ ተሰቅሎ፣ አንጎላችን መሀል ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ትልቁ አንጎል ግራጫ ነው፤ ትንሿ ቡናማ፤ ህብለ ሰረሰሩ ሲባጎ ተገምዶ የተሠራ። እንጨት ይዤ የማስረዳው እኔ ነኝ፤ የሠራሁት እኔ ነኛ። እትዬ ወርቄ ለቀኑ ብላ በዓይኗ ለክታ አዲስ ቀሚስ ሰፍታልኛለች፤ እንደ ልማዱ አጥሯል። ርዕሰ መምህሩ በር ላይ ቆመው ከአንጎሉ ይልቅ እኔን ነበር የሚጠብቁት። ሁሉንም አስረዳሁ፤ የግራው የቀኙን እንደሚያዝ፣ ግንዱ እንደማይተኛ። አንዱ እንግዳ፣ "ጎበዝ ልጅ፣ ሐኪም ትሆኛለሽ" አሉ። አልወደቅሁም። እንግዶቹ በመኪናቸው ሲወጡ የግቢውን በር እያየሁ፣ ዓመቱ ሊያልቅ የቀረውን አሰብኩ፤ የምዘልቀው መሰለኝ።

"ዕቃ ቤት ውሰጂው ቀስ ብለሽ፣ መደርደሪያው ላይ" አሉኝ ጋሽ ማቴዎስ። አንጎሉን አቅፌ ወደ ዕቃ ቤቱ ሜዳውን አቋረጥኩ። ልጆቹ የእንግዶቹን የተረፈ ዳቦ ይሻማሉ። የሐይቁ ነፋስ ተነሥቷል። አንጎሉ ቀላል ነበር፤ ጋዜጣ ምን ክብደት አለው። ከዚያ ምንም የለም።

የክብሪት ሽታ ስጠብቅ የኮመጠጠ ዱቄት ሸተተኝ። ዓይኔን ስገልጥ እግሮች አሉ፤ ራቅ ብለው ክብ ሠርተዋል። ከክቡ ውስጥ ግን መሬት ላይ የታጠፉ ሁለት ጉልበቶች ነበሩ፤ ጭንቅላቴ የተቀመጠው እነሱ ላይ ነው። ከላዬ አንድ ሰው ያለ ቃል ያንጎራጉራል። እጄ እንደ ልማዱ ቀሚሴን ፍለጋ ሄደ። ያገኘው ጋዋን ነው፤ ከወገቤ እስከ እግሬ ጣት ድረስ ሸፍኖኛል። የምጎትተው አልነበረም።

"ክብሪት አልጫርኩም" አሉ ጋሽ ማቴዎስ። በሸሚዝ ብቻ ናቸው። እጃቸውን ግንባሬ ላይ አድርገዋል፤ ፈርተዋል፤ ፈርተውም አላነሡትም። አንጎሉ ትንሽ ራቅ ብሎ በአንድ ጎኑ ተጨርምቶ ወድቋል። ራህማን ከክቡ ውስጥ አየኋት፤ አንድ እርምጃ ወደፊት መጣች፤ የአንዲት ልጅ እጅ መልሶ ሳባት።

ርዕሰ መምህሩ ቃላቸውን ጠበቁ፤ ቤት ትዋል አሉ። ጋሽ ማቴዎስ ብስክሌታቸው ላይ አስቀምጠው እየገፉ ወደ ቤት ወሰዱኝ። ብስክሌት ላይ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው። ገበያውን አልፈን ስንሄድ ሰው ዞሮ ያየናል፤ እኔ ጋዋኑን ተከናንቤ፣ እሳቸው አንድ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው። ከዚያ በኋላ መምህራኑ ሻይ ሲጠጡ እሳቸው ብቻቸውን እንደሚቀመጡ ሰማሁ። የእኔን ወንበር የወሰዱት ያህል ተሰማኝ፤ አዘንኩላቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን አላየኋቸውም።

በረንዳው ላይ እትዬ ወርቄ ከመኪናዋ ተነሣች። "የፈሩት ይደርሳል" አለች፤ ሌላ አልጨመረችም።

"ወይዘሮ ወርቅነሽ" አሉ ጋሽ ማቴዎስ፣ "ልጅቷ የጠየቀችኝ ነገር ነበር። ለእርስዎ ልንገርዎ።" ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሯት። እኔ ደጃፉ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ቃሉን ባልሰማም ምን እንደሆነ አውቃለሁ። እትዬ ወርቄ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከከንፈሯ አውጥታ መዳፏ ላይ ያዘቻቸው። እሳቸው ሄደው እንኳ መዳፏን እያየች ቆመች።

"ታዱ" አለችኝ በመጨረሻ። "ነይ እስኪ፣ እዚህ ቁሚ።"

ቆምኩ። አንድ ዓይኗን እስክትጨፍን ጠበቅኋት። አልጨፈነችም። ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች። ወደ እኔ ቀረበችና በሁለት እጇ ወገቤን አዞረችበት። እጇ ቀዝቃዛ ነበር። ሰውነቴ ሽምቅቅ አለ፤ የእሷም አለ፤ ሁለታችንም እንዳላየን ሆንን። ከዚያ ተንበረከከችና ሜትሩን ከወገቤ ወደ ታች ዘረጋችው፤ ጉልበቴን አሳለፈችው፤ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ስትደርስ እግሬን በእጇ ያዘች። ቶሎ አልለቀቀችም።

"በዓይኔ እኮ አሳጥሬብሻለሁ" አለች። የቀሚሴን ጠርዝ በጣቷ ያዘች። "ለካ ብዙ አሳጥሬብሻለሁ።"

ያን ሳምንት ሦስቱንም ቀሚሶቼን ጠርዛቸውን ፈትታ በዩኒፎርም ቁራጭ ካኪ አስረዘመቻቸው። አያምሩም። ቅዳሜ እናቴ መጣች፤ ዲላ ይዛኝ ተመለሰች። አውቶቡስ ተራ እትዬ ወርቄ ጎንበስ ብላ ካኪውን አቃናችልኝ፤ ሰው እያየ ነው። ዲላ ስንደርስ በሩን አየሁት። ሰማያዊ ነው፤ ሰማያዊው በተላጠበት ደግሞ ከሥሩ አረንጓዴ አለ።

ካፌው በረንዳ ላይ ሽማግሌው ክብሪቱን አርገብግበው አጥፍተው መሬት ጣሉት። እጄን ከጉልበቴ ላይ ለማንሣት ትንሽ ቆየሁ። ጋሽ ማቴዎስ ቢኖሩ ይኼ የህብለ ሰረሰር ሥራ አይደለም፣ የአንጎል ነው፣ ማስታወስ ይባላል ብለው ያርሙኝ ነበር። ይሁን። ከዚያች ሰኔ ወዲህ አጭር ቀሚስ ለብሼ አላውቅም፤ እጄ ግን እስከ ዛሬ አላመነም።